ሰው የብረት ማክበጃ አይደለም

ስለ ትንሹ ትራክተር፥ ስለ አጥር ጉድጓድና ከኋላ ስለሚጨመረው የዘይት ጉልበት

«ጉድጓድ ስትቈፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ለተንኰለኛ ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉድጓድ ግን ተንኰል የሌለበት፥ ወርዱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፥ ጥልቀቱም ሁለት ክንድ ያህል የሆነ ተራ የአጥር ጉድጓድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ተራ ጉድጓድ በመኪና መቈፈር ከጀመረ ወዲህ፥ በሥልጣኔ ወደ ፊት በገፉት አገሮች ሳይቀር፥ የቈፋሪው ክንድ የተቈረጠበት፥ አንዳንድ ጊዜም ነፍሱ የጠፋችበት ሆኗል። የጥፋቱን ምክንያትና የመዳኛውን ዘዴ መመርመር ለገበሬው ብቻ ሳይሆን፥ ነገ መሣሪያ መርጦ ለሚገዛው ወጣት ሹምና ዛሬ የፊዚክስ ትምህርት ለሚማረው ተማሪም የሚጠቅም ነገር ነው።

ከሥራው እንጀምር። አንድ ሰው የግጦሽ መስኩን ሊያጥር አስቦ በየሦስት ሜትሩ አንድ ቋሚ ይተክላል እንበል። አጥሩ አንድ ኪሎ ሜትር ቢረዝም ከ330 በላይ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። የያንዳንዱ ጉድጓድ ወርድ 23 ሳንቲ ሜትር፥ ጥልቀቱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ከአንዱ ጉድጓድ የሚወጣው አፈር 37 ሊትር ያህል ነው፤ የሁሉም ሲደመር 12 ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ ይሆናል። አፈሩ ይህን ያህል ብዙ አይደለም፤ ሥራውን አድካሚ የሚያደርገው የጉድጓዱ ጠባብነት ነው። ዶማ አይወዛወዝበትም፤ አካፋ አይዞርበትም። በድጅኖ እየወጉ፥ የተፈረፈረውን አፈር ጐንበስ ብሎ በእጅ ወይም በጣሳ መዛቅ ግድ ነው። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ወገቡ ይመሰክራል።

ይህን ድካም ለማቃለል የተሠራው መሣሪያ ከትራክተር በስተኋላ የሚንጠለጠለው ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ ነው። መልኩ የአናጢ መሰርሰሪያን ይመስላል፤ ቁመቱ ግን ከሰው ወገብ በላይ ነው። የሚያዞረውን ኃይል የሚቀበለው ፒ.ቲ.ኦ. እየተባለ ከሚጠራውና ከትራክተሩ ወደ ኋላ ከሚወጣው ዘንግ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በመሰርሰሪያው ራስ ላይ ያለው የጥርስ ሳጥን ይህን ፍጥነት በሦስት ያህል ከፍሎ፥ መሰርሰሪያው በደቂቃ 180 ጊዜ ያህል እንዲዞር ያደርገዋል። አፈሩ እርጥብና ለስላሳ ሲሆን ስለቱ ይነክሳል፤ ጉድጓዱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

ዳሩ ግን መሬቱ ደረቅና ጠጣር የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። ስለቱ ከላይ ከላይ ይፍቃል እንጂ አይገባም። መሰርሰሪያው ይዞራል፤ አቧራው ይቦናል፤ ጉድጓዱ ግን አንድ ጣት አይጨምርም። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ዞር ብሎ ረዳቱን ይመለከታል። ረዳቱም ነገሩ ገብቶት ወደ መሰርሰሪያው ይጠጋና፥ ተሸካሚውን ክንድ ይዞ ይንጠለጠላል ወይም ይቀመጥበታል። የሰውነቱ ክብደት ስለቱን ይጫናል፤ መሬቱም መነከስ ይጀምራል። ብረት ያነሰውን ክብደት ሰው ሞላለት ማለት ነው። የመከራው ሁሉ መነሻ ይህች ሰዓት ናት።

የትራክተሩ ክንድ ከየት መጣ?

ትራክተር ይህን የሚያህል ጉልበት እያለው ስለ ምን መሬቱን መጫን ያቅተዋል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄዶ፥ በስተኋላ ያለውን ማንሻ ክንድ የፈጠረውን ሰው ማስታወስ ያስፈልጋል። (ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 ዓ.ም. በአየርላንድ በዳውን ግዛት ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ ሰው ነው። መካኒክነት የተማረው በቤልፋስት ከተማ ሲሆን፥ በ1909 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መጨረሻ ላይ ራሱ በሠራው አይሮፕላን በመብረር በአየርላንድ የመጀመሪያው በራሪ ለመሆን በቅቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1917 ዓ.ም.፥ የአየርላንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት በአገሪቱ የሚሠሩትን ትራክተሮች እየዞረ እንዲመለከትና አሠራራቸው የሚሻሻልበትን መንገድ እንዲፈልግ አዘዘው።

ፈርጉሰን በዚያ ጊዜ ያየው ችግር ሁለት ነበር። አንደኛው፥ ትራክተርና ማረሻ እንደ በሬና እንደ ጋሪ በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሁለተኛውና የከፋው፥ ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር ሲጋጭ ትራክተሩ ከፊቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ሾፌሩን ከሥሩ ማስቀረቱ ነው። በዚህ ዓይነት አደጋ ብዙ ሰው ሞቷል።

ፈርጉሰን ለዓመታት ደክሞ ያገኘው መፍትሔ ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር ማጣበቅ ነበር። ሁለት ክንዶች ከታች፥ አንድ ዘንግ ከላይ ሆነው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ማረሻው ሲጋጭ የላይኛው ዘንግ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ ወደ ላይ በመነሣት ፈንታ መሬቱን ይበልጥ ይጫናሉ። የታችኞቹን ክንዶች የሚያነሣው ደግሞ በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነው። ይህን አሠራር ለማስከበር ፈርጉሰን በ1926 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ወሰደ። በ1936 ዓ.ም. ከዴቪድ ብራውን ፋብሪካ ጋር ሆኖ ትራክተሩን ለገበያ አቀረበ። በ1938 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዲርቦርን ከተማ ለሄንሪ ፎርድ አሠራሩን አሳየና፥ ሁለቱ ሰዎች ውል ሳይፈራረሙ በመጨባበጥ ብቻ ተስማሙ። በዚያ ስምምነት የተሠራው ትራክተር በ1939 ዓ.ም. ወጣ።

የወረቀት ውል የሌለው ስምምነት እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ሄንሪ ፎርድ ከሥራው ከወጣ በኋላ የልጅ ልጁ ስምምነቱን ስላፈረሰው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1952 ዓ.ም. ፈርጉሰን 9 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ተከፍሎት ክርክሩ ተዘጋ። እሱ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ያሠራው ትንሽ ግራጫ ትራክተር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በዓለም ተሰራጭቷል። ከዚያ ትራክተር ጋር ይሸጡ ከነበሩት ተቀጥላ መሣሪያዎች አንዱም የአጥር ጉድጓድ መሰርሰሪያ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት ትራክተሮች፥ ትልቁም ትንሹም፥ ከኋላቸው ያለው ሦስት ነጥብ ማያያዣ የፈርጉሰን ርዝራዥ ነው ማለት ይቻላል።

ማንሣት እንጂ መጫን የማያውቅ ክንድ

እንግዲህ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ፈርጉሰን የፈለገው ማረሻን ማንሣትና በልኩ መያዝ ነው፤ ማረሻ ወደ ታች መጫን አያስፈልገውም። የማረሻው ስለት ሲጐተት በራሱ ወደ መሬት ይሰምጣልና። ስለዚህ የኋላው ክንድ የሚሠራበት ሲሊንደር ዘይት የሚገባው በአንድ ወገኑ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲገባ ፒስተኑ ይገፋል፤ ክንዱም ይነሣል። ዘይቱ ሲለቀቅ ክንዱ በሸክሙ ክብደት ብቻ ይወርዳል። ሾፌሩ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ቢገፋው፥ ክንዱን «ልቀቀው» ማለቱ እንጂ «ተጫነው» ማለቱ አይደለም።

መሰርሰሪያው ግን ከማረሻ የተለየ ጠባይ አለው። ወደ ፊት አይጐተትም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች መግባት አለበት። የሚጫነው ነገር የራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ እሱም በትንሹ ትራክተር ላይ ከነጥርስ ሳጥኑ አንድ መቶ ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በለስላሳ አፈር ይበቃዋል፤ በደረቅ ሸክላ ላይ ግን አይበቃውም።

ትንሹ ትራክተር የምንለው የሞተሩ ጉልበት ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት የሆነውን ነው። ይህ ዓይነት ትራክተር በአሜሪካ ትንንሽ እርሻዎችና ከከተማ ወጣ ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች ውስጥ የተስፋፋው የጃፓን ፋብሪካዎች ከገቡበት ጊዜ ወዲህ ነው፤ ከነዚህም በ1890 ዓ.ም. በኦሳካ ከተማ ብረት በማቅለጥ ሥራ የተጀመረው ኩቦታ በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካ ኩባንያውን አቋቁሟል። ትንሹ ትራክተር ርካሽ እንዲሆን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ማንሻ ክንዱን ብቻ ይዞ ነው። ለሌላ ሥራ የሚሆን የዘይት መውጫ ከኋላው አይኖርም፤ የፈለገ ሰው ለብቻው ከፍሎ ያስጨምረዋል። ገዢው ደግሞ መሰርሰሪያውን እስኪገዛና ደረቅ መሬት እስኪያጋጥመው ድረስ መጉደሉን አያውቅም።

ሰው ክብደት ሲሆን

ወደ ረዳቱ እንመለስ። ረዳቱ ክንዱን ይዞ ሲንጠለጠል ደረቱ ከሚዞረው ዘንግ የሚርቀው አንድ ክንድ ያህል ነው። በደቂቃ 540 ዙር ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው። የዘንጉ መጋጠሚያ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 31 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ9 ሲባዛ በአንድ ሴኮንድ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ጨርቅ መጠቅለል ይችላል ማለት ነው። ሰው «ተያዝኩ» ብሎ አስቦ እጁን ለመሰብሰብ ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅበት፥ በዚያ ግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ከአንድ ሜትር የበለጠ ልብስ ተጠቅልሏል። የኮቱ እጅጌ ከአንድ ሜትር አይረዝምም። ከእጅጌው ቀጥሎ ያለውም ክንዱ ነው።

መሰርሰሪያው ራሱ ከዘንጉ ቢዘገይም ምሕረት የለውም። በመሰርሰሪያው ራስ ላይ ድንጋይ ሲያጋጥም እንዲቈረጥ ታስቦ የሚገባ አንድ ቡሎን አለ፤ የቡሎኑ ጫፍ ወደ ውጭ ወጣ ካለ የሱሪ እግር ወይም የጓንት ጫፍ ለመያዝ ይበቃዋል። ረዳቱ ተንሸራትቶ ቢወድቅም የሚወድቀው ወደ ሌላ ቦታ አይደለም፤ ወደሚዞረው ስለት ነው። ሾፌሩ ጮኾ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ የሆነው ሁሉ ሆኗል።

በቀድሞዎቹ የፈርጉሰንና የፎርድ ትራክተሮች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። የዘይቱ ፓምፕ የሚሠራው ፒ.ቲ.ኦ.ውን በሚያዞረው ኃይል ስለ ነበር፥ መሰርሰሪያውን ለማንሣት ዘንጉ መዞር ነበረበት። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ሾፌሩ መሰርሰሪያውን አቁሞ ማንሣት አይችልም ነበር። በኋላ የመጡት ትራክተሮች ፓምፑን ከሞተሩ በቀጥታ ስላስነሡት ይህ ችግር ተወግዷል፤ ረዳትን እንደ ድንጋይ ማስቀመጥ ግን እንደ ልማድ ቀረ።

ከኋላ የሚጨመረው ጉልበት

መፍትሔው በሁለት ወገን የሚሠራ ሲሊንደር ነው። ዘይት በአንደኛው በኩል ሲገባ ፒስተኑ ይረዝማል፤ በሁለተኛው በኩል ሲገባ ያጥራል። ስለዚህ መጫንም መሳብም ይችላል። የሲሊንደሩ አንድ ጫፍ በትራክተሩ ጠንካራ አካል ላይ በተተከለ ድጋፍ፥ ሌላው ጫፍ በመሰርሰሪያው ተሸካሚ ክንድ ላይ ይታሰራል። ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ እጀታውን ሲነካ መሰርሰሪያው ወደ መሬት ይጫናል።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው። በ1663 ዓ.ም.፥ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ በታተመው ድርሰቱ፥ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ቦታ ሲጫኑት ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚተላለፍ አስረድቷል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ደግሞ በ1795 ዓ.ም. በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ሠርቶ የፈጠራ መብት ወሰደ። የትራክተሩ ሲሊንደር የዚያ መጭመቂያ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ እንምጣ። በአብዛኛው ትንሽ ትራክተር ውስጥ ዘይቱ ያለ ዕረፍት ይዞራል። ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ይስበዋል፤ በፊት ለፊቱ አካፋ ቫልቭ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ኋላው ማንሻ ክንድ ይሄድና ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ማንም እጀታ ካልነካ ያለ ከባድ ግፊት ይፈስሳል። አንዱ እጀታ ሲነካ መንገዱ ይዘጋና ዘይቱ ወደዚያ ሲሊንደር ይገባል። አዲሱ ቫልቭ መግባት ያለበት በዚህ መንገድ መካከል፥ ከፊት ለፊቱ ቫልቭ በኋላና ከማንሻው ክንድ በፊት ነው።

ቫልቩን የሚገጥም መካኒክ መሳሳት የሌለበት አንድ ነገር አለ። አዲሱ ቫልቭ ከሲሊንደሩ ሁለት ቱቦዎች ሌላ ሦስት መንገድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ዘይት የሚገባበት፥ ሁለተኛው ዘይቱን ከነግፊቱ ወደሚቀጥለው መሣሪያ የሚያሳልፍበት፥ ሦስተኛው ሥራውን የጨረሰው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ነው። ገንዘብና ቱቦ ለመቈጠብ ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ያደረገ ሰው፥ የማንሻው ክንድ ከባድ ነገር ሲያነሣ ግፊቱ ተመልሶ፥ ለከባድ ግፊት ባልተሠራው የቫልቩ ክፍል ላይ ያርፋል። ቫልቩም ይሰነጠቃል። እንዲሁም ግፊት ከልክ ሲያልፍ የሚከፈተው የደኅንነት ቫልቭ ሳይደርስ መንገዱ ከተዘጋ፥ ፓምፑ ወይም ቱቦው ይፈነዳል። ሥራው ውድ አይደለም፤ ግን የዘይቱን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቱ ተከትሎ ማስረዳት የማይችል ሰው ሊነካው አይገባም።

ጉልበትም ልክ አለው

እዚህ ላይ ተማሪው እርሳሱን ያንሣ። የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የፒስተኑ ፊት 19 ነጥብ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የዘይቱ ግፊት በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ቢሆን፥ ሲሊንደሩ የሚገፋው 2,900 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህን የሚያይ ሰው «እንግዲያውስ ምንም መሬት አያቅተውም» ሊል ይችላል። ተሳስቷል።

መሬቱን የሚጫን ነገር መሬቱ መልሶ ይገፋዋል። ትራክተሩ 700 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህም 400ው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል እንበል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ተኩል፥ መሰርሰሪያውም ከኋላው ጎማ 1 ሜትር ከ20 ርቆ የሚሠራ ይሁን። ትራክተሩ ወደ ላይ ሲገፋ የሚዞረው በፊት ጎማዎቹ ላይ ስለ ሆነ፥ 400ን በ1.5 አባዝተን 600 እናገኛለን፤ ይህንንም ከፊት ጎማው እስከ መሰርሰሪያው ላለው 2.7 ሜትር ስናካፍለው 222 ኪሎ ይሆናል። ሲሊንደሩ ከዚህ በላይ ከተጫነ መሰርሰሪያው ወደ መሬት በመግባት ፈንታ የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉ። የትራክተር ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ስለ ሆነ፥ በዳገት ላይ እንዲህ የሆነ ትራክተር ፍሬን የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ሲሊንደር መምረጥ፥ ግፊቱን መቀነስና እጀታውን ነካ እያደረጉ መልቀቅ ይገባል።

ቢሆንም 222 ኪሎ ትንሽ አይደለም። የተንጠለጠለው ረዳት ክብደቱ 70 ኪሎ ቢሆን፥ ሲሊንደሩ የሚሰጠው የሦስት ሰው ክብደት ነው። ሦስት ሰው በሚዞር ብረት ላይ ሳይንጠለጠል የሦስት ሰው ሥራ ተሠራ። የተጨመረው የዘይት ኃይል ትልቁ ትርፍ ጉድጓዱ መፍጠኑ ሳይሆን ይህ ነው።

«መሰርሰሪያው ራሱ ለምን በዘይት አይዞርም?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ይቻላል። በዘይት የሚዞር ሞተር የሚሽከረከረውን ዘንግ ከነጭራሹ ያስቀራል፤ ሥር ሲይዘውም ወደ ኋላ ይዞራል። ነገር ግን የትንሹ ትራክተር ፓምፕ በደቂቃ 20 ሊትር ያህል ቢሰጥ፥ ከላይ ባልነው ግፊት የሚገኘው ኃይል 5 ኪሎ ዋት፥ ማለት 7 የፈረስ ጉልበት እንኳ የማይሞላ ነው። ስለዚህ በትንሹ ትራክተር ላይ በዘይት የሚዞረው ዝግ ያለና ለጠባብ ጉድጓድ የሚሆን ነው። ማዞሩን ለዘንጉ፥ መጫኑን ለዘይቱ መስጠት ለብዙ ሰው የተሻለ ክፍፍል ሆኖ ተገኝቷል።

መጠንቀቅ የሚገባ

ሲሊንደሩ ሰውን ከብረቱ ላይ ያወርዳል እንጂ አደጋን ሁሉ አያጠፋም። መሰርሰሪያው በኃይል ሲጫን እንደ ብሎን ወደ መሬቱ ተጠምዝዞ ሊገባና ማንሻው ክንድ እንኳ ሊያወጣው ሊያቅተው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት፥ ቁልፉን መንቀል፥ ከዚያም መሰርሰሪያውን በቧንቧ መፍቻ ወደ ኋላ ማዞር ነው። የተሻለው ግን ጥቂት ቈፍሮ ማንሣት፥ አፈሩን አራግፎ እንደገና ማውረድ ነው።

ዘይቱም ራሱ መፈራት አለበት። ከቱቦ ላይ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት የሰው ቆዳ ወግቶ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ታህላለች፤ መጀመሪያ ላይም ብዙ አያምም። ከሰዓታት በኋላ ግን እጁ ያብጣል፤ ሐኪም ቶሎ ቀዶ ካላጠበውም እስከ መቈረጥ ያደርሳል። ስለዚህ የሚያፈስ ቱቦ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በእንጨት ነው እንጂ በጣት አይደለም። ቱቦ ከመፍታት በፊትም መሰርሰሪያውን መሬት ማስነካት፥ ሞተሩን ማጥፋትና እጀታውን ወዲያና ወዲህ አድርጎ የታመቀውን ግፊት ማስወጣት ያስፈልጋል። የዘንጉ መከለያ ይኑር፤ ልብስ አይንዘላዘል፤ ከሾፌሩ በቀር በአካባቢው ማንም አይቁም።

አንባቢያችን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ እንዲቀር እንወዳለን። ፈርጉሰን ትራክተር ተገልብጦ ሾፌሩን እንዳይገድል ብሎ የደከመ ሰው ነው፤ ክንዱንም የሠራው ለማረሻ ነው። ያ ክንድ ለሌላ ሥራ ሲውል የጐደለውን ያልጠየቀ ሰው ግን፥ ጉድለቱን በረዳቱ ሰውነት ሞላው። በየትኛውም ሥራ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። መኪናው ያልቻለውን «እስቲ አንተ ያዘው፥ አንተ ተቀመጥበት» የሚባል ሰው ካለ፥ እዚያ ቦታ አንድ መሣሪያ ጐድሏል ማለት ነው።

ስለዚህ የግዥ ወረቀት የሚፈርም ወጣት ሹም ስለ ትራክተሩ የፈረስ ጉልበት ብቻ ጠይቆ አይርካ። ከኋላው ስንት የዘይት መውጫ አለው? ክንዱ የሚያነሣ ብቻ ነው ወይስ የሚጫንም? መሰርሰሪያው አልገባ ሲል ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ «አንድ ሰው ይንጠለጠልበታል» የሚል ከሆነ፥ ያ ዕቃ ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ቀሪውን ዋጋ ሌላ ሰው ነው የሚከፍለው።

ጉድጓዱ የተቈፈረው ለእንጨቱ ነው። እንጨቱ ይግባበት።